ሞተሩ ራሱን ካስተካከለ እኔ ምን ቀረኝ?

«አዲስ ሞተር ሳይክል ሁሉን በራሱ ያስተካክላል፤ ታዲያ ከድሬ ሐረር ለመሄድ ካቴና (የኋላ ጎማውን የሚያዞረውን ሰንሰለት) መፈተሽ፣ ድምፅ ማዳመጥ ለምን?» ላልከው ወንድሜ፦

አቦ፣ ግማሹ እውነት ነው። ድሬዳዋ 1,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ ሐረር ከ1,800 በላይ። መሀል ላይ ያለውን የደንገጎን ዳገት ስትወጣ አየሩ ይሳሳል። የኔ አሮጌ ሞተር ባለ ካርቡሬተር (ቤንዚንና አየር የሚቀላቅል ዕቃ) ነው። አየሩ ሲሳሳ ቤንዚን ይበዛበታል፤ ጉልበቱ ይደክማል፣ ካንዴላው (ቤንዚኑን የሚያቀጣጥለው እሳት ጫሪ) ይጠቁራል። ያንተ ባለ ኢንጄክሽን (ቤንዚን በኮምፒውተር ትእዛዝ የሚረጭ) ከሆነ ሴንሰሩ፣ ማለትም መለኪያው፣ አየሩን ለክቶ ቤንዚኑን ይቀንሳል። እዚህ ላይ ተሸንፌያለሁ።

ካቴናው ግን ሴንሰር የለውም። አምና ሳላየው ወጣሁና ጠመዝማዛው መሀል ወለቀብኝ። ጫት የጫኑ መኪኖች በጆሮዬ ስር እየበረሩ ያልፋሉ፤ እኔ በጥቁር እጄ ከካቴና ጋር እታገላለሁ። ጥፋቱ ከኔ በቀር የማንም አይደለም። ጠዋት ለሁለት ደቂቃ ሰስቼ ነው።

የድሮ ሰው የበቅሎውን ጀርባ ሳይዳብስ ኮርቻ አይጭንም ነበር። ቁስል ይፈልጋል፤ እግረ መንገዱንም ያውቃታል። ሴንሰር ይለካል እንጂ ግድ አይሰጠውም። ሞተሬን ማዳመጥ የጀመርኩት እንዳይበላሽ ብዬ ነበር፤ አሁን መንገዱንም ያሰማኛል። (ሚስቴ እሷንም እንዲህ ባዳምጣት ትመኛለች።)

ለማንኛውም፣ ካቴናው መሀሉ ላይ ከ2 እስከ 3 ሳንቲ ሜትር ያህል ይላላ፤ ልኩን ከሞተሩ መመሪያ እይ። ስትመለስ ቁልቁለቱን በከባድ (በዝቅተኛ) ማርሽ ውረድ። ፍሬን ላይ ብቻ ከተኛህ ይግልና መያዙን ይተዋል።