ጥያቄና መልስ፦ ከቤተሰቡ ርቆ የሚማር ተማሪ እንዴት ድምፅ ይሰጣል?

ለመጀመሪያ ጊዜ ድምፅ የምትሰጡ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች፣ በምርጫ ጣቢያ አስፈጻሚነት ስሠራ ካየሁት የሚጠቅማችሁ ካለ ጠይቁኝ ብዬ ነበር። የመጡልኝን ጥያቄዎች እነሆ። ዓመቶቹ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ የምመዘገበው በቤተሰቦቼ አድራሻ ነው ወይስ በማደሪያዬ?

መልስ፦ ሕጉ ከአገር አገር ስለሚለያይ የአገርህን የምርጫ ቦርድ ጠይቅ፤ ዛሬውኑ ጠይቅ። ተማሪዎች ድምፃቸውን የሚያጡት በአብዛኛው በምርጫው ዕለት አይደለም፤ ምዝገባው ሲዘጋ ነው። በብሪታንያ ተማሪ በሁለቱም አድራሻ መመዝገብ ይችላል፤ በጠቅላላ ምርጫ ግን በአንዱ ብቻ ድምፅ ይሰጣል። በአሜሪካ በማደሪያ አድራሻ የመመዝገብ መብት በክርክር የተገኘ ነው። በቴክሳስ ዎለር አውራጃ የፕሬሪ ቪው ዩኒቨርሲቲ ጥቁር ተማሪዎች ሊመዘገቡ ሲሄዱ ነዋሪነታቸውን የሚመረምር የተለየ መጠይቅ ይሰጣቸው ነበር። ጉዳዩ እስከ ጠቅላይ ፍርድ ቤት ደርሶ በ1979 ረቱ። ምርጫው ለአንተ ከተተወ፣ እኔ የምመክርህ ዓመቱን አብዛኛውን በምትኖርበት ቦታ እንድትመዘገብ ነው።

ጥያቄ፦ የተማሪነት መታወቂያ ይበቃል?

መልስ፦ አይበቃ ይሆናል፤ ተቀባይነት ያላቸውን መታወቂያዎች ዝርዝር ቀድመሽ ተመልከቺ። በእንግሊዝ በ2023 ፎቶግራፍ ያለበት መታወቂያ ግዴታ ሲሆን የአረጋውያን የአውቶቡስ መጓጓዣ ካርድ ተቀባይነት አገኘ፤ የተማሪ መታወቂያ ግን ከዝርዝሩ ቀረ። ይህ አድልዎ ነው ብዬ አምናለሁ። ቢሆንም ከጣቢያው በር ላይ ከመመለስ አስቀድሞ ማወቅ ይሻላል።

ጥያቄ፦ የመራጭነት ካርዴ ጠፋ።

መልስ፦ ወደተመዘገብክበት ቦታ አሁኑኑ ሂድ። የምርጫውን ማለዳ አትጠብቅ።

ጥያቄ፦ በዚያ ቀን ፈተና አለኝ።

መልስ፦ ቀድሞ ድምፅ መስጠት ወይም በፖስታ መላክ የሚፈቀድ ከሆነ ተጠቀሚበት። በፖስታ ስትልኪ የመድረሻውን ቀን አስቢ። በብሪታንያ ወረቀቱ የምርጫው ዕለት ማታ 10 ሰዓት፣ በእኛ አቆጣጠር አራት ሰዓት፣ ሳይሞላ መድረስ አለበት።

ጥያቄ፦ አብረውኝ የሚኖሩት ልጆች ሁሉ የሚደግፉት አንድ ፓርቲ ነው። «ድምፅ የሰጠሽበትን ወረቀት ፎቶ አንስተሽ አሳዪን» አሉኝ። እምቢ ብላቸው ይቀየሙኛል።

መልስ፦ እህቴ፣ አታሳዪያቸው። ምስጢራዊነቱ ከባለሥልጣን ብቻ ሳይሆን ከቅርብ ሰውም እንዲጠብቅሽ የተደረገ ነው። በብሪታንያ እስከ 1872 መራጭ የመረጠውን በሰው ፊት በአፉ ይናገር ነበር፤ ባለመሬቱም ጭሰኛው ለማን ድምፅ እንደሰጠ ቆሞ ይሰማ ነበር። ጭሰኛው ደግሞ ማታ የሚገባው የባለመሬቱ ወደሆነ ጎጆ ነበር፤ ቢያስቀይመው ሊያስወጣው ይችላል። መንግሥት ያሳተመውን ወረቀት ከለላ ውስጥ መሙላት በ1856 የተጀመረው በቪክቶሪያና በደቡብ አውስትራሊያ ነበር። ያ ፎቶ ያንን ከለላ ይገፍፈዋል። ማስረጃ ካለ ድምፅ ይገዛል፤ ማስረጃ ካለ ማስፈራራትም ይቻላል። ዛሬ የሚጠይቁሽ ጓደኞችሽ ናቸው፤ ነገ አስተማሪ ወይም አሠሪ ሊሆን ይችላል። ስልክሽን ማደሪያሽ ትተሽ ሂጂ። «ስልክ አልያዝኩም» ማለት ከክርክር ይቀላል፤ እውነትም ይሆናል።

ጥያቄ፦ ወረቀቱን አበላሸዋለሁ ብዬ እፈራለሁ።

መልስ፦ ከተሳሳትክ ሳጥን ውስጥ ከመክተትህ በፊት ለአስፈጻሚው ንገር፤ በብዙ ቦታ ሌላ ወረቀት ይሰጥሃል። ቀለሙ ሳይደርቅ አታጥፈው። አንድ ሌሊት ስንቆጥር ሁለት ምልክት ያለበት ወረቀት እጄ ገባ፤ አንዱ ደማቅ፣ ሌላው ደብዛዛ። አንዱ ታዛቢ «ውድቅ ነው» አለ፤ ሌላው «አይደለም» አለ። ወረቀቱን በቀድሞ እጥፋቱ መልሰን ስናጥፈው ደብዛዛው በደማቁ ላይ ልክክ አለ። ቀለሙ ነበር የተላለፈው፤ ድምፁም ተቆጠረ።

ጥያቄ፦ የእኔ አንድ ድምፅ ምን ይለውጣል?

መልስ፦ በ2017 በአሜሪካ ቨርጂኒያ ግዛት ለምክር ቤት በተደረገ ምርጫ፣ በ94ኛው የምርጫ ክልል እንደገና ሲቆጠር አንዷ ተወዳዳሪ በአንድ ድምፅ በለጠች። ከዚያ የሁለቱም ስም ምልክት የተደረገበት፣ አንዱ የተሰረዘበት ወረቀት ክርክር አስነሳ። ዳኞቹ ድምፁን ለሌላው ሰጡት፤ ሁለቱም እኩል 11,608 ሆኑ። በጥር 2018 ከጎድጓዳ ሳህን ውስጥ ስም በዕጣ ወጥቶ አሸናፊው ተለየ። አንድ ተማሪ በዚያን ዕለት ከማደሪያው ወጥቶ ቢሆን ኖሮ ያ ዕጣ ባልተጣለ ነበር።