እልህ ይዞኝ 85 ዶላር ከፈልኩ

የአንባቢያን ጥያቄና መልስ፤ ለቴምብርና ለገንዘብ ሰብሳቢዎች

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ጋሼ። የአዘዞ ልጅ ነኝ፣ አስተማሪ ነኝ። ቴምብር መሰብሰብ ከጀመርኩ ሁለት ዓመት ሆነኝ። ባለፈው ወር ኢቤይ በሚባለው የኢንተርኔት ጨረታ ላይ የምኒልክ የመጀመሪያዎቹ ሰባት ቴምብሮች፣ የፖስታ ቤት ማኅተም ያልተመታባቸው፣ ሙሉ ሆነው ወጡ። ጨረታው በተከፈተ ቀን 30 ዶላር ሰጠሁ። በማግስቱ አንድ ሰው መጣና አንድ አንድ ዶላር እየጨመረ አለፈኝ። እኔም ጨመርኩ፣ እሱም ጨመረ። እልህ ያዘኝ። በመጨረሻ በ85 ዶላር አሸነፍኩ። በሳምንቱ ያው ሰባቱ ቴምብር በ40 ተሸጠ! ሌላ ጊዜ ደግሞ ስድስት ቀን ሙሉ ስመራ ቆይቼ አምስት ሰከንድ ሲቀረው አንዱ ነጠቀኝ። ይሄ ነገር ማጭበርበር ነው? ወይስ እኔ ነኝ የማላውቅበት?

መልስ፦ ወንድሜ፣ በመጀመሪያ እንኳን ደስ ያለህ፤ ቴምብሮቹ ያንተ ናቸው። 85 ዶላሩን እርሳው። እኔ ከዚያ የባሰ ከፍያለሁ። ስንት እንደሆነ ግን አልጽፍም፤ ባለቤቴ ይህን መጽሔት ታነባለች።

እኛ የለመድነው ጨረታ ሌላ ነው። ንግሥ ላይ ጃንጥላ ሲጫረት መቼም አይተሃል። ሰውየው ማይክራፎኑን ይዞ «አምስት ሺህ! አንድ ጊዜ!» ይላል። ከወዲያ ጥግ አንድ ነጋዴ ጋቢውን ሰብሰብ አድርጎ «ስድስት!» ይላል። እልልታ። ወዲያው ሌላው «ሰባት!»። ያሸነፈው ጃንጥላውን ይቀበልና መልሶ ለቤተ ክርስቲያኑ ይሰጠዋል፤ እንደገና ይጫረታል። እዚያ የሚፈለገው ዋጋው እንዲወጣ ነው። ቀድመህ ብትጮህም፣ እልህ ብትገባም በረከት ነው። ይህንኑ አመል ይዘን ስልካችንን ስንከፍት ግን እልል የሚልልን የለም። ብሩ ብቻ ይሄዳል።

ኢቤይ ላይ የምትጽፈው ቁጥር ጣሪያህ ነው። 60 ብለህ ብትጽፍና ሌላው የጻፈው ትልቁ ዋጋ 25 ቢሆን፣ አንተ 26 ላይ ትቆማለህ። ከ25 እስከ 100 ዶላር ድረስ ጭማሪው አንድ አንድ ዶላር ነው። የቀረውን ሲስተሙ በሆዱ ይዞልህ፣ ሰው በመጣ ቁጥር ባንተ ፈንታ ይጫረታል። አንድ አንድ ዶላር እየጨመረ የመጣብህ ሰውዬ ወይ ይህን አያውቅም፣ ወይ ጣሪያህ የት ጋ እንደሆነ እየነካካ ይፈልጋል። አንተም ብትሆን 30 ስትጽፍ በልብህ የነበረው 30 አልነበረም። 45 ወይም 50 ነበር። ያንን ጽፈህ ዞር ብትል ኖሮ ወይ በዚያ ታገኘው ነበር፣ ወይ በደህና ትሸነፍ ነበር።

አምስት ሰከንድ ሲቀረው የነጠቀህ ሰው ሌባ አይደለም። ደንቡ ይፈቅድለታል። ኢቤይ ላይ ሰዓቱ ሲደርስ ይዘጋል፤ «ማን ይጨምራል?» ብሎ የሚጠይቅ የለም። አልቪን ሮትና አክሰል ኦከንፌልስ የተባሉ የኢኮኖሚክስ ምሁራን እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት ይህንን አይተውታል። ያኔ አማዞንም ጨረታ ነበረው። እዚያ መዝጊያው ላይ ሰው ከጨመረ፣ 10 ደቂቃ ያለ ጭማሪ እስኪያልፍ ድረስ ጨረታው ይራዘም ነበር። የመጨረሻ ሰከንድ ሽሚያው ከኢቤይ በጣም አንሶ ተገኘ። ነገሩ ግልጽ ነው፤ ዘግይቶ የሚመጣ ሰው ለሌላው እልህ ጊዜ አይሰጥም።

እኔ እንዲህ አደርጋለሁ። ማታ፣ ቡና ከተጠጣ በኋላ፣ ዋጋውን ብጣሽ ወረቀት ላይ እጽፈዋለሁ። የመላኪያውን ቀንሼ ነው የምጽፈው። ሜሪላንድ ያለው የእህቴ ልጅ በካርዱ ይከፍልልኛል፤ ዕቃው አገር ቤት የሚመጣ ሰው እስኪገኝ እሱ ጋ ይቆያል። ድፍን ቁጥር አልወድም። 60 ብሎ የሚጽፍ ሰው ብዙ ነው፤ እኩል ከሆናችሁ ደግሞ ቀድሞ የጻፈው ያሸንፋል። ስለዚህ 61 ከ37 ሳንቲም። ወረቀቷን ረከቦቱ ሥር አደርጋታለሁ። ጧት ተነስቼ ቁጥሩን ላሻሽል ካልኩ እልህ ነው፣ አላሻሽልም።

ጎንደር ቁጭ ብሎ የመጨረሻዋን አምስት ሰከንድ መጠበቅ ግን ዕብደት ነው። መብራት ከሄደ ኔትወርኩም ተከትሎት ይሄዳል። እኔ ሁለት ደቂቃ ሲቀር እጽፋለሁ። ሰማዩ ካጉረመረመ ከመተኛቴ በፊት ጽፌ እተኛለሁ።

ሰዓቱንም ተጠንቀቅ። አንድ የካሊፎርኒያ ሻጭ ነበረ፤ ጨረታውን ሁልጊዜ እሑድ ማታ፣ በእነሱ 6 ሰዓት ይዘጋል። ክረምቱን ሁሉ ለእኛ ሰኞ ከሌሊቱ 11 ሰዓት ላይ ይውል ነበር። የእነሱን ክረምት ማለቴ ነው። መጋቢት መግቢያ ላይ አንድ ፖስታ አወጣ፤ የጎንደር ማኅተም በደንብ ያረፈበት፣ ክቡ ሳይቆረጥ። ሃያ ጉዳይ ለ11 ተነሳሁ፣ ጋቢዬን ደርቤ ስልኬን ከፈትኩ። ጨረታው ከተዘጋ 40 ደቂቃ ሆኖታል። ለካ አሜሪካኖች በዚያው እሑድ ሰዓታቸውን አንድ ሰዓት ወደፊት ገፍተዋል፤ የእኛ 10 ሰዓት ላይ አልቋል። በወረቀቴ ላይ ከነበረው ባነሰ ዋጋ ሄደ። አሁን በመጋቢት መግቢያና በጥቅምት ማለቂያ በራሴ ስሌት አልተማመንም፤ ገጹ ላይ የቀረውን ሰዓት ብቻ አያለሁ።

ያቺ ፖስታ እስካሁን የምታንገበግበኝ ለምን መሰለህ? ያንተ ሰባት ቴምብሮች፣ አራቱ ላይ ምኒልክ፣ ሦስቱ ላይ አንበሳ ያለባቸው፣ ፓሪስ የታተሙ ናቸው። ያልተመታባቸው በገበያው ሞልተዋል። ዛሬ ቢያመልጡህ በወሩ ይመጣሉ። በእርግጥ በፖስታ ተጉዞ፣ ማኅተም ተመትቶበት የደረሰ ግን በየጊዜው አይገኝም። እልህህን ለዚያ አስቀምጠው።

ማጭበርበርስ የለም ወይ ላልከው፣ አለ። የሻጩ ወዳጅ ዋጋ ለማናር ብሎ ጨረታው ውስጥ የሚገባበት ጊዜ አለ። የጨረታውን ታሪክ ክፈት። ስም ሙሉ አይታይም፣ ፊደልና ኮከብ ነው። አንዱ በዚያው ሻጭ ዕቃ ላይ ብቻ ደጋግሞ እየገባ፣ አንዴም ሳያሸንፍ ከወጣ እኔ ያንን ሻጭ እተወዋለሁ።

ጥያቄ፦ እንደምን ሰነበቱ ጋሼ። እናቴ ካረፈች በኋላ ሳጥኗ ውስጥ ሰባት ጠገራ ብር አገኘሁ። ስድስቱ 1780 ይላሉ፣ አንዱ አንበሳ አለበት። ጠቁረዋል። በሎሚ ላጽዳቸውና አንዱን በኢንተርኔት ጨረታ ልሽጠው? የፒያሳ ልጅ ነኝ።

መልስ፦ እናትሽን ነፍስ ይማር። እህቴ፣ ሎሚውን ለሰላጣ አድርጊው። አመድም፣ የጥርስ ሳሙናም እንዳታስነኪያቸው። ሰብሳቢ ፎቶውን ሲያይ መጀመሪያ የሚፈልገው ያንን ጥቁረት ነው። የተፈተገ ብር እንደ መስታወት ቢያበራም ዋጋው ይወድቃል።

1780 እ.ኤ.አ. የኦስትሪያዋ ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞተችበት ዓመት ነው። ከዚያ በኋላ የተመታው ማርትሬዛ ሁሉ ያንኑ ዓመት ይዞ ነው የተመታው። ጣሊያን እንኳ ከ1935 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሮም ላይ መትቶታል። ስለዚህ ዓመቱ ዕድሜውን አይነግርሽም። ፒያሳ ካሉት ወርቅ ቤቶች ባንዱ አስመዝኚው፤ 28 ግራም መሙላት አለበት። ጠርዙን በጣትሽ ዳሺው፤ ጎላ ያለ የላቲን ጽሕፈት ይነካሻል።

መሸጡን በተመለከተ፣ የቅርስ አዋጅ ቁጥር 209/1992 ቅርስ ያለ ፈቃድ ከአገር እንዳይወጣ ይከለክላል። ብሮችሽ ቅርስ ናቸው አይደሉም የሚለውን ፎቶ ይዘሽ ባህልና ቱሪዝም ቢሮ ጠይቂ፤ ከመለጠፍሽ በፊት። ከሳጥኑ ብራና ወይም መስቀል ከወጣ ግን ጨረታ የሚባለውን ጭራሽ እርሺው። ከጎንደር አድባራት የተወሰዱት መጻሕፍት መቅደላ ደርሰው፣ ከዚያ እ.ኤ.አ. በ1868 በእንግሊዝ ጦር እጅ ወጥተዋል። በ2021 እ.ኤ.አ. እንኳ እንግሊዝ አገር ከመቅደላ የሄዱ ዕቃዎች ለጨረታ ቀርበው፣ ኤምባሲያችን ጠይቆ ነው የተነሱት። እኔ ብራና ሲወጣ አልጫረትም።

አንበሳ ያለበት የምኒልክ ብር ነው። የግእዝ ቁጥሩን አንብቢ፤ ፲፰፻፹፯ የሚል ከሆነ 1887 ዓ.ም. ነው። ለብቻው በንጹሕ ጨርቅ ጠቅልይውና ሁለቱንም ገጽ ፎቶ አንስተሽ ላኪልኝ። ልገዛው አይደለም፤ ላየው ብቻ ነው። ባለቤቴ ይህንንም ታነባለች።