ለአባትሽ እንዳትነግሪ

ጥያቄ፦ 38 ዓመቴ ነው። ቡሬ የምኖር መምህርት ነኝ፤ ባለቤቴ በርበሬ ይነግዳል። ሦስት ልጆች አሉን። የመጀመሪያዋ 14 ዓመቷ ነው። የማህፀን በር ካንሰር ክትባት ልትከተብ ነው ሲባል አባቷ አሻፈረኝ አለ። በቴሌግራም የተላከለት ቪዲዮ “መካን ያደርጋል” ይላል። ብለምነው እምቢ አለ። እኔ ግን አክስቴን በዚሁ በሽታ አስታምሜ የቀበርኩ ሰው ነኝ። “ገበያ ደርሰን እንመጣለን” ብዬ ልጅቷን ጤና ጣቢያ ወስጄ አስከተብኳት። “ለአባትሽ እንዳትነግሪ” አልኳት። ታናሽ ወንድሟ ሰምቶ ኖሮ ምስጢሩን አወጣው። ባለቤቴ ካኮረፈ ሁለት ወር ሆነው፤ የሚተኛውም ሳሎን ነው። “ልጄን እንደ እህቴ ልታደርጊያት ነው” ይለኛል። ታላቅ እህቱን ልጅ አልወለደችም ብሎ ባሏ መልሷታል። አሁን ደግሞ ልጅቷ የወር አበባዋ ቀረባት፤ ሌሊት ታለቅሳለች። ይቅርታ ልጠይቅ? ብጠይቅስ ክትባቱ ስህተት ነበር ማለት አይሆንብኝም?

መልስ፦ እህቴ፣ ደብዳቤሽን ሁለት ጊዜ አነበብኩት። ሁለተኛው ላይ ያስቆመኝ ስለ ክትባቱ የጻፍሽው አይደለም። ስለ ባለቤትሽ እህት በአንዲት መስመር ያለፍሻት ነገር ናት።

እስቲ በእሱ ቦታ ሆነሽ እይው። እህቱ እቃዋን ተሸክማ ወደ አባቷ ቤት ስትመለስ ያኔ ምናልባት ልጅ ነበር። በእኛ አገር መካን መባል ምን እንደሆነ ላንቺ አልነግርሽም። ሠርግ ላይ፣ ክርስትና ላይ፣ ማኅበር ላይ ሰው የሚያያት ዓይኑን ሰበር አድርጎ ነው። ይህን ያየ ሰው ስልኩ ላይ “መካን ያደርጋል” የሚል ቪዲዮ ሲመጣለት መረጃ አልመጣለትም። እህቱ ናት የመጣችበት።

ሌላም ነገር አለ። በገጠሩም በከተማውም ለሴት የሚሰጥ መርፌ ሲባል ሰው ቶሎ ትዝ የሚለው የሦስት ወሩ ነው፤ የወሊድ መቆጣጠሪያው። የምትሰጠው ያችው የጤና ባለሙያ ናት፤ ቦታውም ያው ነው። እና አንድ ቀን “ለሴት ልጆች ብቻ መርፌ መጥቷል” ሲባል አባት ቢጠራጠር ምን ይገርማል? በዚያ ላይ ሰው ከላይ የመጣን ነገር ሁሉ በጎሪጥ በሚያይበት ጊዜ ነው ያለነው። ጥርጣሬው የመጣበት መንገድ ይገባኛል። ጥርጣሬው ልክ ነው ማለቴ ግን አይደለም።

ልክ ያልሆነበትን ባጭሩ ልንገርሽ፤ ኋላ ለእሱ ትነግሪዋለሽ። ክትባቱ የሚከላከለው ሂዩማን ፓፒሎማ የሚባለውን ቫይረስ ነው። ውስጡ ያለው የቫይረሱ የላይኛው ቅርፊት መሳይ ፕሮቲን ብቻ ነው። ራሱን የሚያራባበት ነገር የለውም፤ ሆርሞንም የለውም። አውስትራሊያ ለተማሪዎቿ መስጠት የጀመረችው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። ያን ጊዜ የ12 እና የ13 ዓመት ልጆች የነበሩት ዛሬ ልጅ አቅፈዋል። በእኛም አገር ከ2011 ዓ.ም. ጀምሮ ሲሰጥ ቆይቷል። ስዊድን ውስጥ ወደ 1.7 ሚሊዮን የሚጠጉ ሴቶችን የተከታተለ ጥናት 17 ዓመት ሳይሞላቸው በተከተቡት ላይ የማህፀን በር ካንሰር በ88 በመቶ ቀንሶ አግኝቷል። መቶ በመቶ አይደለም፤ የሚያመልጡት የቫይረሱ ዓይነቶች አሉ። ክንድ ያሳምማል፣ ትንሽ ያተኩሳል፣ አንዳንዷን ራሷን ያስታል። ከባድ አለርጂም እጅግ በጣም አልፎ አልፎ ያጋጥማል፤ ከተከተቡ በኋላ ትንሽ አረፍ በሉ የሚባለውም ለዚህ ነው። ይህንንም አትደብቂው። የተደበቀ ነገር ምን እንዳመጣ አይተሻል።

“በፊት ሁለቴ ነበር፣ አሁን አንዴ ሆነ፤ እየሞከሩብን ነው” ካለም መልስ አለው። አንድ መርፌ እንደሚበቃ የዓለም ጤና ድርጅት የተናገረው እ.ኤ.አ. በ2022 ነው። ከማስረጃዎቹ አንዱ የመጣው ከጎረቤታችን ከኬንያ ነው።

ለባለቤትሽ ከሁሉም በላይ የሚገባው ግን ይህ ይመስለኛል፦ ማህፀን የሚያሳጣው በሽታው ራሱ ነው። ካንሰሩ ሲገኝ ብዙ ጊዜ ሕክምናው ማህፀኑን ማውጣት ወይም ጨረር ነው። የፈራውን ነገር ከልጁ ላይ የሚያርቀው እሱ የከለከለው መርፌ ነው።

አሁን ወደ ልጅቷ። እውነቱን ልንገርሽ፣ እኔን ያሳሰበችኝ እሷ ናት።

እ.ኤ.አ. በ2014 ኮሎምቢያ ውስጥ ኤል ካርመን ዴ ቦሊቫር በምትባል ከተማ ይህንኑ ክትባት የወሰዱ ልጃገረዶች መውደቅ ጀመሩ። አንዷ ስትወድቅ ሌላዋ ታያለች። ቪዲዮው ይዞራል። በመቶ የሚቆጠሩ ልጆች ሆስፒታል ገቡ። ሲመረመር ክትባቱ ውስጥ ችግር አልተገኘም፤ ፍርሃቱ ነበር ከአንዷ ወደ ሌላዋ የተላለፈው። ልብ በይ፣ ልጆቹ አላስመሰሉም። መውደቁ እውነት ነበር፣ ሕመሙም እውነት ነበር። ሰውነት ፍርሃትን ይሰማል።

የአንቺ ልጅ ሁለት ወር ሙሉ እናትና አባቷ በእሷ ምክንያት ሲኮራረፉ እያየች ነው። “መካን ልትሆኚ ነው” የሚለውን ከገዛ አባቷ አፍ ሰምታለች። በዚህ ዕድሜ የወር አበባ ገና መስመር አልያዘም፤ አንድ ሁለት ወር መዝለሉ የተለመደ ነው። ጭንቀት ደግሞ ያዘገየዋል። ሦስት ወር ከሞላው ለነርሷ አሳያት። ከዚያ በፊት ግን ዛሬውኑ አጠገቧ ቁጭ በይና “ምን ሰማሽ? ምን ፈራሽ?” ብለሽ ጠይቂያት። ሳታቋርጪ ስሚያት። ከዚያ “ምስጢር እንድትይዢልኝ ማድረጌ የኔ ጥፋት ነው፤ ያንቺ አይደለም” በያት። ታናሹንም እንዳትቆጪው። እሱ ያደረገው አንቺ ማድረግ የነበረብሽን ነው።

ከጠየቅሽኝ አይቀር፣ ይቅርታ ጠይቂ። መከተቧ ልክ ነው። መደበቅሽ ልክ አይደለም። ሁለቱን አንድ ላይ አትፍጫቸው። ለምነሽው እምቢ እንዳለ አውቃለሁ፤ አክስትሽን ያስታመመ እጅ ዝም ብሎ እንደማይቀመጥም አውቃለሁ። ግን “ልወስዳት ነው፤ ከፈለግህ አብረን እንሂድ” ብለሽው ሄደሽ ቢሆን ይቆጣ ነበር እንጂ እንደተካደ አይሰማውም ነበር። ደግሞ የ14 ዓመት ልጅ “ለአባትሽ እንዳትነግሪ” ስትባል መርፌው መጥፎ ነገር ነው ብላ ታስባለች። ጥሩ ነገር ቢሆን ለምን ይደበቃል?

ስለዚህ እንዲህ በይው፦ “ማስከተቤ አይጸጽተኝም። ካንተ መደበቄና ልጅቷን ማስዋሸቴ ግን ጥፋት ነው፤ ለሱ ይቅር በለኝ።” እዚያ ላይ ቁሚ። “ግን አንተም…” ብለሽ አትቀጥይ። መጀመሪያ ቀን ላይመልስልሽ ይችላል፤ ጥሎሽም ይወጣ ይሆናል። ይውጣ።

ሌላ ቀን፣ ልጆቹ ሲተኙ፣ ስለ እህቱ ጠይቂው። ስለ ክትባቱ አይደለም። “የተመለሰች ጊዜ ስንት ዓመትህ ነበር?” ብለሽ ጀምሪ። በትዳራችሁ ዘመን ይህን ጠይቀሽው ታውቂያለሽ? ብዙ ሚስቶች አይጠይቁም፤ ብዙ ባሎችም አይናገሩም። አውርቶ ሲጨርስ ነው አውስትራሊያም ስዊድንም የሚመጡት። ቪዲዮ በቪዲዮ ግን አትመልሽ፤ የቴሌግራም ጦርነት ማለቂያ የለውም።

ሽማግሌ አሁን አልመክርሽም። ሽማግሌ ከተቀመጠ ነገሩ “ማን አጠፋ” ይሆናል፤ እሱም ሰው ፊት ያለውን ቃል ለማጠፍ ይቸገራል። የንስሐ አባታችሁ የራሳቸውን የወንድም ወይም የእህት ልጅ ያስከተቡ ከሆነ ግን፣ እንደ ዘበት አንድ ቡና ላይ ቢያነሡት ከኔ ምክር ይበልጣል።

አያቴ ደምበጫ አካባቢ ነው ያደገችው። ፊቷ በፈንጣጣ የተበሳሳ ነበር። የፈንጣጣ ከታቢዎች የመጡ ዕለት ልጆቿን ይዛ ጓሮ ተደብቃ እንደነበር እየሳቀች ታወራን ነበር። በሽታው ፊቷ ላይ እያለ! ፈንጣጣ በአገራችን ለመጨረሻ ጊዜ የታየው በ1968 ዓ.ም. ነው። እኔ ክንዴ ላይ የፈንጣጣ ክትባት ምልክት የለኝም፤ አያስፈልገኝም ነበር። ይህን የማነሣው ባለቤትሽ አያቴን ስላስታወሰኝ ነው። የሚደበቅ ሁሉ ልጁን የማይወድ አይደለም።

አንድ ነገር ቀረ። 38 ዓመቴ ነው ብለሻል። ከ30 ዓመት በላይ ላለች ሴት የማህፀን በር ቅድመ ምርመራ ጤና ጣቢያ ይሰጣል፤ ደቂቃዎች ቢወስድ ነው። አክስትሽን ቀብረሽ አንቺ ተመርምረሻል? ካልተመረመርሽ ባለቤትሽን “አብረኸኝ ሂድ” በይው። ወረፋው ላይ ይቀመጥ፤ ጥያቄ ካለውም ነርሷን እዚያው ራሱ ይጠይቃት።