ሊትሬቸር ሪቪውን በኩዊልቦት ስለመጻፍ

ከሐረር የጠየቅሽው እህታችን፣ ለማስተርስ ቴሲስሽ ሊትሬቸር ሪቪው (የቀደሙ ጥናቶች ዳሰሳ) ከሌሎች ጥናቶች አንቀጽ እየወሰድሽ፣ ጽሑፍን በሌላ ቃል በሚቀይረው በኩዊልቦት ብትቀይሪው፣ ሲሚላሪቲው (ከሌላ ጽሑፍ ጋር የመመሳሰሉ ፐርሰንት) ከወረደ ችግር አለው ወይ ነው ያልሽው። አለው። ትልቁ አደጋ ደግሞ ያለው ይዘቱ ላይ ነው።

መሣሪያው ተቀራራቢ ቃል ሲተካ የሙያ ቃልን ከተራው አጥርቶ አይለይም። በጤና ጥናት ፕሪቫለንስ (በአንድ ወቅት በሽታው ያለባቸው ሰዎች ድርሻ) እና ኢንሲደንስ (በተወሰነ ጊዜ ውስጥ አዲስ የሚያዙት) የተለያዩ ልኬቶች ናቸው፤ አንዱ በሌላው ከተተካ የጠቀስሽው ቁጥር ሁሉ ውሸት ይሆናል። «አሶሲየትድ ዊዝ» (ዝምድና ያለው) ወደ «ኮዝድ ባይ» (መንስኤው ይህ የሆነ) ከዞረማ ይብሳል። ስለ ጫትና ደም ግፊት የተሠራ ክሮስ ሴክሽናል (በአንድ ወቅት ብቻ መረጃ የሚሰበስብ) ጥናት ዝምድናን እንጂ መንስኤን አያረጋግጥም፤ ዲፌንስ ላይ ኤግዛሚነር ቶሎ የሚይዘው እንዲህ ያለውን ነው። በ2021 እ.ኤ.አ. ተመራማሪው ጊዮም ካባናክና ባልደረቦቹ በታተሙ ጽሑፎች ውስጥ «አርቲፊሻል ኢንተለጀንስ» ተጣሞ «ካውንተርፊት ኮንሸስነስ» («ሐሰተኛ ንቃተ ኅሊና» እንደማለት) ሆኖ አግኝተዋል። ያን የጻፈ ሰው መልሶ እንዳላነበበው ያስታውቃል።

ሲሚላሪቲን የሚፈትሸው ተርኒቲንም ቢሆን ከ2023 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ከሲሚላሪቲ ለብቻው፣ ጽሑፉ በኤአይ መጻፉን የሚገምት ውጤት ያወጣል። ውጤቱ ሊሳሳት ስለሚችል ብቻውን ማስረጃ አይሆንም፤ ሆኖም አድቫይዘርሽ ሲጠይቁሽ የምታሳዪው ድራፍት ይኑርሽ። ጉግል ዶክስ ላይ ከጻፍሽ የለውጥ ታሪኩ ይቀመጥልሻል።

እንዲህ አድርጊ፦ ጥናቱን አንብበሽ ፒዲኤፉን ዝጊ። የት፣ በማን ላይ፣ በምን ዲዛይን እንደተሠራና ምን እንደተገኘ በአማርኛ ማስታወሻ ያዢ። በአፋን ኦሮሞ ወይም በሶማሊኛ ቢቀናሽም ያው ነው። ከማስታወሻው ተነስተሽ በእንግሊዝኛ ጻፊ፤ ከዚያ ፒዲኤፉን ከፍተሽ ቁጥሩንና የሙያ ቃሉን አመሳክሪ፤ ሳይተሽን ወዲያው አስገቢ። ቃሉ ቢቀየርም ሐሳቡ የሰው ነው፤ ካልጠቀስሽ ፕላጀሪዝም ነው። አንድ ጥናት በአንድ አንቀጽ እየደረደርሽ አትሂጂ። ሦስት አራቱን በግኝታቸው አቧድነሽ የት እንደሚስማሙ፣ የት እንደሚለያዩና ለምን እንደሆነ ጻፊ። እንዲህ ሲሆን ሲሚላሪቲው ራሱ ይወርዳል።

ራስሽ የጻፍሽውን ሰዋስው ለማረም መሣሪያውን መጠቀም ሌላ ጉዳይ ነው፤ ዲፓርትመንትሽ ከፈቀደ፣ መጠቀምሽን ገልጸሽ፣ ዓረፍተ ነገር በዓረፍተ ነገር እያየሽ። ሙሉ ገጽ አትጫኚበት። ሜተድ ክፍል ላይ የናሙና ቀመርና የመለኪያ መሣሪያ ስም ቢመሳሰል ግን አትደንግጪ፣ የተለመደ ነው።

ድራፍትሽን ተርኒቲን ላይ የሚያስገባልሽ ሰው ሪፖዚተሪ (የተርኒቲን የጽሑፍ ማከማቻ) ውስጥ እንዳያስቀምጠው ንገሪው። ከተቀመጠ የመጨረሻው ቅጂ ከራስሽ ድራፍት ጋር ይመሳሰልና ቁጥሩ ወደ 100 ፐርሰንት ሊጠጋ ይችላል።