ላስቲክ የፕላስቲክ ቁራጭ ነው?

ጥያቄ፦ የኬሚስትሪ መምህር ነኝ። ስለ ፖሊመር (ከረጃጅም የሞለኪውል ሰንሰለቶች ስለሚሠሩ ቁሶች) ሳስተምር ተማሪዎቼ ፕላስቲኩን ሁሉ «ላስቲክ» እያሉ ይጽፋሉ። ማርክ ስቀንስባቸው አንዷ «ቲቸር፣ ያው እኮ ነው፤ ፕ ወድቃ ነው» አለችኝ። እውነት ሁለቱ አንድ ቃል ናቸው?

መልስ፦ እግዜር ይስጥልኝ መምህር። ይህን የሚጠይቀኝ ሰው ስጠብቅ ኖሬያለሁ።

አንድ አይደሉም። «ፕ ወድቃ ነው» የሚለውን ከተማሪ ብቻ ሳይሆን ከሙያ ባልደረቦቼም ሰምቼዋለሁ። ክርክራቸው እንዲህ ነው፦ አማርኛ በቃል መነሻ ላይ ሁለት ተነባቢ ተደራርቦ ሲመጣ አይወድም፤ ስለዚህ አንዱን ይጥላል። አለመውደዱ እውነት ነው። መጣሉ ግን ከየት መጣ? ምላሳችን እንዲህ ሲቸገር መሐል ላይ አጭር አናባቢ ሸጎጥ አድርጎ ያልፋል እንጂ ፊደል አይጥልም። ፕሮግራም፣ ፕሬዚዳንት፣ ክላክስ ሁሉም ሙሉ ናቸው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ፕላስተር አለ። ፕላስተርና ፕላስቲክ የአንድ ግሪክ ግስ ልጆች ናቸው፤ ግሱ «ፕላሴን» ነው፣ ጭቃን ወይም ሰምን ቅርጽ ማስያዝ። እጁን ቢላ ቆርጦት «ላስተር ለጥፉልኝ» ያለ ሰው እስካሁን አልገጠመኝም።

ላስቲክ የገባው በሌላ በር ነው። ፈረንሳይኛው «ኤላስቲክ»፣ ጣሊያንኛው «ኤላስቲኮ» ይለዋል፤ መነሻው ላይ ያለችው «ኤ» ተቆርጣ ቀረች። ቆራጮቹ እኛ ብቻ አይደለንም። ቱርኮች ጎማን «ላስቲክ» ይሉታል። ለኢራኖችም የመኪና ጎማ «ላስቲክ» ነው። ሩሲያ ውስጥ «ላስቲክ» ብለው ቢጠይቁ ላጲስ ያቀብሉዎታል። (ላጲስ እራሱ ለጣሊያኖች እርሳስ ነው፤ መጻፊያውን ማጥፊያ ያደረግነው እኛ ነን። ይህን ለሌላ ቀን እናቆየው።) ሦስቱም ሕዝቦች ለፕላስቲክ የራሱ ቃል አላቸው። ኢራኖች እንዲያውም «ፔላስቲክ» ይላሉ፤ እንደኛው መሐሉ ላይ አናባቢ ሸጉጠው። ታዲያ የእነሱም ፕ ወደቀች ልንል ነው?

ቃሉን ወደኋላ ብንከተለው ደግሞ ነገሩ ይብሳል። «ኤላስቲክ» በላቲን የተጻፈው እ.ኤ.አ. በ1651 ነው፤ ጸሐፊው ዣን ፔኬ የተባለ ፈረንሳዊ ሐኪም ነው። የሚያወራውም ስለ ጎማ ሳይሆን ስለ አየር ነበር፤ ታፍኖ ሲለቀቅ መልሶ ስለሚሰፋው አየር። ሥሩ እንደገና ግሪክ ነው፦ «ኤላውኔን»፣ መንዳት፣ ቀጥቅጦ ማስረዘም።

እንግዲህ ፕላስቲክ ማለት የሰጡትን ቅርጽ ይዞ የሚቀር፣ ኤላስቲክ ማለት ተለጥጦ ወደ ነበረበት የሚመለስ ነው። ተቃራኒዎች ናቸው ለማለት ጥቂት ነው የቀራቸው። ክፍል ውስጥ ይሞክሩት። ፌስታል በሁለት እጅዎ ቀስ ብለው ይሳቡ፤ ይረዝማል፣ ይሳሳል፣ እዚያው ይቀራል። የብር ማሰሪያዋን ላስቲክ ይሳቧት፤ ጧ ብላ ትመለሳለች። ሁለቱም ፖሊመር ናቸው። ይህን ከእኔ ይልቅ እርስዎ ያውቁታል፤ የፌስታሉ የፖሊኤቲሊን ሰንሰለቶች እርስ በርስ ስላልታሰሩ ሲጎተቱ ይንሸራተታሉ፤ የጎማው ሰንሰለቶች ግን እዚህም እዚያም በድኝ ተቋጥረዋል። ጎማን በድኝ የመቋጠሩን ዘዴ እ.ኤ.አ. በ1839 ያገኘው ቻርልስ ጉድይር ነው። እናንተ ኬሚስቶች «ኤላስቶመር» የምትሉት ይህንኑ የሚመለሰውን ነው። በትውልድ ከሄድን ላስቲክ የእሱ ስም ነው።

ስለዚህ ለእኔ ላስቲክ የሱሪ ወገብና የፀጉር ማስያዣ ነው። ቤቴ ዳቦ የሚመጣው በፌስታል ነው፤ «በላስቲክ» ያለ ሰው ሁለተኛ ያስባል። ሕግም ከእኔ ጋር ነው። በ1999 ዓ.ም. የወጣው የደረቅ ቆሻሻ አያያዝ አዋጅ 0.03 ሚሊ ሜትርና ከዚያ በታች ውፍረት ያላቸውን ከረጢቶች ሲያነሳ «ፕላስቲክ» ነው ያለው።

ሕዝቡ ግን አዋጅ አያነብም። «የላስቲክ ቤት» የሚለውን ማን ያርመዋል? «የፕላስቲክ ቤት» ብንል የሕፃን መጫወቻ ይመስላል። ችግኝ የሚያፈላውም ሰው አፈሩን የሚሞላው «በላስቲክ» ነው፤ ያ ላስቲክ ደግሞ ተለጥጦ የሚመለስ አይደለም። ድምፁ ፕላስቲክን ስለሚመስል ተሳስቧል፤ ከተሳሳበ ቆይቷል። ደስ አይለኝም፣ ግን በንግግር ስህተት ነው ማለት አልችልም።

በፈተና ወረቀት ላይ ግን ኬሚስትሪ ነውና ማርኩን ይቀንሱ። ግማሹን ብቻ። ፕ ወድቃ ነው ያለችዎትን ልጅ ደግሞ ስለ ፕላስተር ይጠይቁልኝ።