«አእምሮው ተጎድቷል» ወይስ «አንጎሉ ተናውጧል»?

ጥያቄ፦ ሱሉልታ ውስጥ ታዳጊዎችን እግር ኳስ አሠለጥናለሁ። አንድ ተጫዋቼ በቴስታ ሲሻማ ከሌላ ልጅ ጋር ተጋጨ። ራሱን ስላልሳተ «ምንም አልሆነም» ተብሎ ቀጠለ። ማታ አስመለሰው። ከሕክምናው በኋላ «የአእምሮ ጉዳት ደርሶበታል» ብዬ ለወላጆች ማስታወቂያ ብጽፍ፣ እናቱ «ልጄን አበደ ልትለው ነው?» ብለው ተቆጡኝ። ምን ልበል?

መልስ፦ እናቱ እውነት አላቸው። «አእምሮ» የመጣው «አእመረ» ማለትም ዐወቀ ከሚለው የግእዝ ግስ ነው። ማሰባችንንና ማስተዋላችንን ይጠራል። ራስ ቅል ውስጥ ያለው አካል «አንጎል» ነው። «የአእምሮ ሕመም» ሲባል የለመደ ጆሮ «የአእምሮ ጉዳት» የሚለውንም ወደዚያው ይወስደዋል። ቤተሰብ ደግሞ ነውር የመሰለውን ይደብቃል። ነውር ሊሆን ባይገባውም።

ስለዚህ «የአንጎል መናወጥ» ይበሉ። «መንቀጥቀጥ» የሚሉም አሉ፤ እኔ አልመርጠውም። ብርድ፣ ወባ ወይም የሚጥል በሽታ ያስመስለዋል።

ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ግን «ራሱን ሳተ» የሚለው ነው። አባባሉ ራሱ ጥፋት የለበትም። መለኪያ ስናደርገው ነው አደጋው። አንጎላቸው ከተናወጠ ሰዎች አብዛኞቹ ራሳቸውን አይስቱም። ራሳቸውን ያመማቸዋል፣ ያዞራቸዋል፣ ያስመልሳቸዋል፣ የሆነውን ይረሳሉ። ልጆቹ «ዞረብኝ»፣ «ጭው አለብኝ» ሲሉ ትክክለኛውን ምልክት እየነገሩን ነው። ያኔ «ተነሥ፣ ወንድ አይደለህ!» ማለት ይቅር። ውሃ ራሱ ላይ አፍስሶ መመለስም እንዲሁ።

በዓይን የማይታይ ጉዳትን ማሳመን ለሐኪምም ከባድ ነው። ትውልደ ናይጄሪያዊው ዶክተር ቤኔት ኦማሉ እ.ኤ.አ. በ2002 ፒትስበርግ ውስጥ የአሜሪካ ፉትቦል ኮከብ የነበረውን የማይክ ዌብስተርን አስከሬን መረመሩ። አንጎሉ ላይ ላዩን ሲያዩት ጤነኛ ይመስል ነበር። በማይክሮስኮፕ ሲያዩት ግን ጉዳት አገኙ። በ2005 ግኝታቸውን ሲያሳትሙ፣ ከአሜሪካ ፉትቦል ሊግ ጋር የሚሠሩ ሐኪሞች ጽሑፉ እንዲነሣ ጠየቁ። ኦማሉ ግን አላፈገፈጉም። እኚህን ሰው በጣም አከብራቸዋለሁ።

እዚህ ላይ አንድ ጥንቃቄ ያስፈልጋል። ኦማሉ ያገኙት ለዓመታት ከተደጋገመ ምት ጋር የተያያዘ ሥር የሰደደ የአንጎል በሽታ ነው። በእርግጠኝነት የሚለየውም ከሞት በኋላ ነው። የእርስዎ ተጫዋች የደረሰበት ሌላ ነው፤ በጊዜው ካረፈ አብዛኛውን ጊዜ ይድናል። ሁለቱን በአንድ ስም ከጠራን ወላጅን ያለ ምክንያት እናስደነግጣለን።

ማስታወቂያዎን እንዲህ ቢያርሙትስ፦ «በግጭት ምክንያት የልጃችን አንጎል ተናውጧል። ይህ የአእምሮ ሕመም አይደለም። ሐኪም እስኪፈቅድ ድረስ አይጫወትም። ከምት በኋላ የዞረበት፣ ራሱን ያመመው ወይም ያስመለሰው ልጅ ሁሉ፣ ራሱን ባይስትም እንኳ፣ ወዲያው ከሜዳ ይወጣል፤ በዚያ ቀንም አይመለስም።»