በላ ልበልሃ በሉት፦ ስለ ክፉ ገፀ ባሕርያት የመጡ ጥያቄዎች

በዚህ ሳምንት ከደሴና ከኮምቦልቻ የደረሱኝ ጥያቄዎች ሁሉም ተከታታይ ታሪካዊ የምስጢር ልቦለድ ከሚጽፉ ሰዎች የመጡ ናቸው። የሁሉም ጭንቀት ሰው ነው፤ ገዳዩና መርማሪው።

«ታሪኬ በ1909 ዓ.ም. ደሴ ላይ ነው። ገዳዩ የጨው ነጋዴ ነው። ጓደኞቼ ግን ገና ገጽ 10 ላይ አወቁት። ምን ላድርግ?» (ከሰኞ ገበያ፣ ደሴ)

አብሽሪ እህቴ፣ ሴራሽ ጥሩ ነው። ችግሩ ሰውየው ላይ ነው። ገና ብቅ ሲል ዓይኑ የቀላ፣ አሽከር የሚገርፍ፣ ለማንም የማያዝን አድርገሽዋል። እንዲህ ያለውን ሰው ማን አይጠረጥርም? ሁላችንም ለቡና የምንጠራውን ጎረቤት አድርጊው።

እኔ የማደርገውን ልንገርሽ። ሰውየውን ችሎት ላይ አቆመዋለሁ። የድሮው ሙግት በላ ልበልሃ ነበር፤ ተከሳሹም ተነስቶ አፉን ሞልቶ ይሟገታል። አንቺም ለነጋዴው አንድ ገጽ ሙግት ጻፊለት፤ መጽሐፉ ውስጥ ባይገባም ግድ የለም። «ለምን ገደልክ?» ሲባል «ስለምጠላው» ካለ፣ ገና አላወቅሽውም ማለት ነው።

ዘመኑ ራሱ ምክንያት ይሰጥሻል። ልጅ ኢያሱ መስከረም 17 ቀን 1909 ከሥልጣን ወረዱ። አባታቸው ንጉሥ ሚካኤል ከወሎ ጦር ይዘው ዘመቱ፤ ጥቅምት 17 ቀን ሰገሌ ላይ ተሸነፉ፣ ተማረኩም። ልክ አንድ ወር! በዚያ ወር እዚህ ስንቱ ቤት ልጁን ሸኝቷል። እንግዲህ የነጋዴው አንድ ልጅ ለዘመቻ ተጠርቶ ቢሆንስ? «አስቀርልሃለሁ» ብሎ ጠገራ ብር የተቀበለው ሰውዬ ቃሉን አጥፎበት ቢሆንስ? ያን ጊዜ አንባቢው ገዳዩን ገጽ 10 ላይ ቢያውቀው እንኳ መጽሐፉን አያስቀምጠውም። እንዳይያዝ ሲፈራለት ያድራል።

«በጣሊያን ዘመን የነበረ ባንዳ እየጻፍኩ ነው። ሰው ሰው እንዲሸት ሳደርገው ክህደቱን ያቃለልኩ ይመስለኛል።» (ከኮምቦልቻ)

አባቴ፣ ፍርሃትዎ ይገባኛል፤ እኔም እፈራዋለሁ። ደሴ ኅዳር 26 ቀን 1928 ንጉሠ ነገሥቱ እዚሁ እያሉ በአውሮፕላን ቦምብ ተደብድባለች። ሆስፒታል እንኳ አልተረፈም። ሚያዝያ 7 ቀን ጣሊያን ገባ፤ እስከ ሚያዝያ 1933 ድረስም ቆየ። አምስት ዓመት ለአንድ ሰው መበላሸት ብዙ ጊዜ ነው።

ስለዚህ በአንድ ሌሊት ባንዳ አያድርጉት። መጀመሪያ ለልጆቹ ዱቄት ብሎ ያስተርጉም። ቀጥሎ መንገድ ያሳይ። በመጨረሻ የአንድ አርበኛ ቤት ይጠቁም። የመጀመሪያውን ስናነብ «እኔም ባደርገውስ?» እንበል፤ ሦስተኛው ላይ ስንደርስ ግን ደማችን ይፍላ። ለእሱ ሁለት ገጽ ሲሰጡ፣ ለተጠቆመው ሰው እናት ደግሞ አንድ ገጽ ይስጡ። እሷ እስካለች ድረስ ክህደቱ አይቃለልም።

«መርማሪዬ የዳኛ ጸሐፊ ነው። ሦስተኛው ቅጽ ላይም ያው ነው፤ አላደገልኝም።» (ከሆጤ፣ ደሴ)

ወንድሜ፣ ያንኑ ፈተና መልሰህ አምጣበት። የድሮውን ሌባ ሻይ ታውቃለህ፤ ለአንድ ልጅ መድኃኒት አጠጥተው ይለቁት ነበር፣ ሄዶ የወደቀበት ቤት ባለቤትም ሌባ ይባል ነበር። በመጀመሪያው ቅጽ ጸሐፊህ በዚህ ከልቡ ይመን። ልጁም ንጹሕ ሰው ቤት ይውደቅ፣ ያ ሰው ከብቱን ሸጦ ይክፈል፣ እውነቱ ዘግይቶ ይውጣ። በሁለተኛው ቅጽ ጸሐፊው በዚያ ሰው ደጅ ማለፍ ይፈር፤ ዞሮ ይሂድ። ምንም አይናገር፣ መንገዱን ብቻ ይቀይር። በሦስተኛው «ሌባ ሻይ ይምጣ» ሲባል እምቢ ይበል፤ እንጀራውንም ይጣ።

አውጫጭኝንም አትርሳ። ድሮ የአገሩ ሰው ሁሉ ተሰብስቦ፣ ጥፋተኛው እስኪወጣ ወደ ቤቱ አይመለስም ነበር። ገዳዩም እዚያው ተቀምጧል፤ ከጎረቤቶቹ ጋር ፀሐዩ ይመታዋል፣ ይርበዋል። አሮጊቷ ስትደክም የራሱን ውሃ ያጠጣታል። እኔ ብሆን ሙሉ ምዕራፍ እሰጠው ነበር።

«ንጉሥ ሚካኤልን ገዳይ ባደርጋቸውስ?» (ከፒያሳ፣ ደሴ)

ባታደርገው ደስ ይለኛል። እውነተኛ ሰው ላይ ያልሠራውን ደም አትጫንበት። ግብር ላይ፣ አይጠየፍ አዳራሽ ውስጥ ተቀምጠው ይታዩ። ገዳይህን ከአጋፋሪዎቹ ወይም ጠጅ ከሚቀዱት መሃል ፍጠረው። ቦታው እዚሁ ደጅህ ላይ ነው። ሄደህ ዙረውና ገዳይህ በየት በር ገብቶ በየት እንደሚወጣ በእግርህ ለካው።